በሰው መካከል ብቻ መሆን፡- ብቸኝነትና ብሕትውና በከተማ ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዳንግላ ከተማ ከአንድ የሰንበት ቅዳሴ በኋላ፣ ምእመናን ጠበል ጠጥተው ወደየቤታቸው ሲበተኑ፣ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ጠጋ ብሎ አንድ ጥያቄ አቀረበልን። «ዲያቆን፣ ቀን በሰው ተከብቤ እውላለሁ፤ ማታ ቤቴን ስከፍት ግን ‹እንዴት ዋልክ› የሚለኝ የለም። ሰንበት በመጣ ቁጥር አስቀድሳለሁ፤ ከማንም ጋር ሳልነጋገር እመለሳለሁ። ይህ የእምነት ጉድለት ነው? ወይስ እግዚአብሔር ለምናኔ እየጠራኝ ነው?» አለን። እኛም ወደ ሌላ አገልግሎት እየተቻኮልን ስለነበር «በርታ፤ ጸልይ፤ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ነው» ብለን አሰናበትነው።

የሰጠነው መልስ ስሕተት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነበር። ሰው የለኝም ብሎ የመጣውን ሰው ያለ ሰው መልሰነዋል። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም። በቀጣዮቹ ሰንበቶች በዐይናችን ብንፈልገውም አላገኘነውም። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ልንሰጠው ይገባን የነበረው መልስ ነው። ጥያቄው የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ፣ በእንጅባራም በባሕር ዳርም በአዲስ አበባም በባዕድ ሀገርም የሚኖሩ ብዙ ምእመናን እንደሚጠይቁት ስለምናውቅ፣ ስለ ብቸኝነትና ስለ ብሕትውና ቅዱሳት መጻሕፍትና የቅዱሳን ታሪክ የሚያስተምሩንን በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

የቃላቱ ትርጕም

በዕለት ተዕለት ንግግራችን ብቻ መሆን፣ ብቸኝነትና ብሕትውና ሲደባለቁ ይታያል። ሦስቱ ግን የተለያዩ ናቸው።

ብቻ መሆን ማለት በአካል ከሌላ ሰው መለየት ነው። በራሱ መልካምም ክፉም አይደለም። እረኛ ከከብቶቹ ጋር፣ ገበሬ በእርሻው መካከል፣ ተማሪ በመጽሐፉ ላይ ብቻውን ይውላል።

ብቸኝነት ደግሞ ሰው የሚቀርበው፣ ችግሩን የሚያካፍለው፣ ቢታመም የሚጠይቀው ሰው እንደሌለው ሲሰማው በልቡ የሚያድር ሕመም ነው። ይህ ሕመም የግድ ብቻውን በተቀመጠ ሰው ላይ ብቻ አይደርስም። በገበያ መካከል፣ በቢሮ፣ በትዳር ውስጥ፣ ከዚህም አልፎ በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ላይ ሊሰማ ይችላል።

ብሕትውና በግእዝ «ባሕቲቱ» ማለትም «እርሱ ብቻውን» ከሚለው ቃል ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ከሰው ርቆ በጾም፣ በጸሎትና በአርምሞ መኖርን ያመለክታል። «መነኮስ» የሚለው ቃልም መነሻው የግሪኩ «ሞናኮስ» ሲሆን ትርጕሙ ብቸኛ ማለት ነው። በአንጻሩ «ማኅበር» የሚለው ቃል አንድ መሆንን፣ መተባበርን ያሳያል። ቤተ ክርስቲያናችን ሁለቱንም ቃላት በክብር ይዛ መቆየቷ ትምህርት አለው፤ ባሕታዊውም ማኅበርተኛውም ልጆቿ ናቸው።

ስለዚህ ብሕትውና ከብቸኝነት የሚለይባቸውን ሦስት ነገሮች ልብ እንበል። አንደኛው ምክንያቱ ነው፤ ብቸኛው ሰው የጠፋበትን ያዝናል፤ ባሕታዊው የሚወደውን ፍለጋ ይወጣል። ሁለተኛው መንገዱ ነው፤ ብቸኝነት ሳይፈልጉት ይመጣል፤ ብሕትውና ግን በፈቃድ፣ በመታዘዝና በአባቶች ቡራኬ ይጀመራል። ሦስተኛው ፍሬው ነው፤ ብቸኝነት ሲበረታ ሰውን ወደ ምሬትና ተስፋ መቁረጥ ይገፋል፤ እውነተኛ ብሕትውና ግን የሰውን ፍቅር ያበዛል።

ብቸኝነት በቅዱሳት መጻሕፍት

እግዚአብሔር ፍጥረታቱን ሁሉ ሲፈጥር መልካም እንደሆኑ አየ። መልካም እንዳልሆነ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር የአዳም ብቻውን መሆን ነው (ዘፍ. 2፥18)። ይህ የተነገረው ከውድቀት በፊት መሆኑን ማስተዋል ይገባል። አዳም ገና አልበደለም፤ ከፈጣሪው ጋር ያለው አንድነትም አልተቋረጠም። እንዲህም ሆኖ አጋር ያስፈልገዋል ተባለ። በመሆኑም ሰውን መናፈቅ የኃጢአት ውጤት ወይም የእምነት ማነስ ምልክት አይደለም፤ እግዚአብሔር በሰው ባሕርይ ውስጥ ያኖረው ነው።

ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ታላቅ ድል ካደረገ በኋላ ኤልዛቤልን ሸሽቶ በበረሃ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ሞትንም ለመነ። ብቻዬን ቀረሁ ብሎም ለእግዚአብሔር አመለከተ (1ነገ. 19፥4-10)። እግዚአብሔር ያደረገለትን በቅደም ተከተል እንመልከት። አስቀድሞ አልገሠጸውም፤ መልአክ ልኮ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ እንዲተኛም ተወው። ቀጥሎም በለሆሳስ ድምፅ ተናገረው። በመጨረሻም ለበኣል ያልሰገዱ ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉ ነገረው፤ ኤልሳዕንም ረድእና ተከታይ አድርጎ ሰጠው (1ነገ. 19፥16-18)። ምግብ፣ ዕረፍት፣ የእግዚአብሔር ቃል፣ በመጨረሻም ሰው ተሰጠው። ብቸኛን ሰው የምንረዳበት ሥርዓት ከዚህ ይገኛል።

በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት የምናስበው መጻጉዕ ለ38 ዓመታት በአልጋ ተይዞ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር ተኝቷል። ጌታችን ልትድን ትወዳለህን ብሎ ሲጠይቀው ስለ በሽታው አልተናገረም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነገረው (ዮሐ. 5፥1-9)። በዙሪያው ግን ብዙ ሕዝብ ነበረ። የዛሬው የከተማ ሰው ሕመም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ሕዝብ አለ፤ ሰው የለም።

ጌታችን ራሱ በማለዳ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ብቻውን ሄዶ ይጸልይ ነበር (ማር. 1፥35፤ ማቴ. 14፥23)። በጌቴሴማኒ ግን ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ከእርሱ ጋር እንዲተጉ ጠየቃቸው፤ ተኝተውም ባገኛቸው ጊዜ አንዲት ሰዓት ስንኳ ከእርሱ ጋር መትጋት አለመቻላቸውን ነገራቸው (ማቴ. 26፥36-40)። በመስቀል ላይ ሆኖም እመቤታችንን ለዮሐንስ፣ ዮሐንስንም ለእመቤታችን ሰጠ (ዮሐ. 19፥26-27)። በሞቱ ሰዓት እናቱ ብቻዋን እንዳትቀር ያሰበ አምላክ የብቸኞችን ነገር ቸል አይልም።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በእስር ቤት ሳለ ሁሉም እንደተዉት፣ ጌታ ግን በአጠገቡ ቆሞ እንዳበረታው ይመሰክራል (2ጢሞ. 4፥16-17)። ይህን ያህል የጸና ሐዋርያ በዚያው መልእክት ጢሞቴዎስ ቶሎ እንዲመጣለት ይለምናል፤ በርኖሱንና መጻሕፍቱንም እንዲያመጣለት ያዝዘዋል (2ጢሞ. 4፥9-13)። እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ነው ማለትና ወንድሜ ሆይ ና ብሎ መጥራት በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ተገኝተዋል። አንዱ ሌላውን አይሽርም።

ብሕትውና በቤተ ክርስቲያን

የመነኮሳት አባት የሚባለው አባ እንጦንስ በወጣትነቱ በቤተ ክርስቲያን የተነበበውን ወንጌል ሰምቶ ሀብቱን ለድሆች ሰጠ (ማቴ. 19፥21)። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ታሪኩ እንደምንረዳው፣ በበረሃ በአንድ የፈረሰ ምሽግ ውስጥ ለ20 ዓመታት ያህል ብቻውን ከኖረ በኋላ ወጣ። ሲወጣም የተከዘ ወይም ሰውን የጠላ አልነበረም፤ ሕመምተኞችን የሚያጽናና፣ የተጣሉትን የሚያስታርቅ አባት ሆኖ ተገኘ። በስደት ዘመን ወደ እስክንድርያ ወርዶ ስለ ሃይማኖታቸው የታሰሩትን አገልግሏል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው አባ ጳኩሚስ ደግሞ መነኮሳት በአንድነት የሚጸልዩበትን፣ የሚሠሩበትንና የሚመገቡበትን ሥርዓት ሠራ።

በሀገራችንም ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አባ ጰንጠሌዎን በአክሱም አቅራቢያ በጠባብ ጾማዕት ለ45 ዓመታት እንደቆሙ ገድላቸው ይናገራል። ዐፄ ካሌብ ስለ ናግራን ክርስቲያኖች ወደ የመን ሲዘምት በረከታቸውን የተቀበለው ከእኒሁ አባት ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዝቋላ ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር ሲኖሩ ጸሎታቸው ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ ነበር። ቅዱስ ያሬድም ዜማውን ለቤተ ክርስቲያን ካስረከበ በኋላ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በዚያ ዐርፏል። ለአዊ ምእመናን ቅርብ ከሆኑት ቦታዎች አንዱ የዓባይ መነሻ ግሽ ዓባይ ሲሆን፣ የጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ስም ከዚህ ቦታ ጋር ተያይዞ ይነሣል።

ከእነዚህ ቅዱሳን ሕይወት የምንማረው አንድ ነገር አለ። ሁሉም ከሰው የራቁት ለሰው ለመጸለይ ነው። በገዳማት ሥርዓትም ማንም ከከተማ ተነሥቶ በቀጥታ ባሕታዊ አይሆንም። አስቀድሞ በገዳም በረድእነት ያገለግላል፤ አባቶችን ይታዘዛል፤ ከብዙ ወንድሞች ጋር ይኖራል፤ ፈቃዱን መተው ይማራል። ከዚያም አባቶች ሲያምኑበትና ሲፈቅዱለት ወደ በኣት ይገባል። ከሰው ጋር መኖር ያልቻለ ከራሱ ጋር መኖር ይከብደዋልና።

ስለሆነም ከሥራ፣ ከትዳር ወይም ከቤተሰብ በደረሰበት ሐዘን የተነሣ «መንኜ እጠፋለሁ» የሚል ወጣት አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ሊመክር ይገባዋል። ጥሪው ከእግዚአብሔር ከሆነ በምክር አይጠፋም። ከቁስል የመጣ ከሆነ ግን ቁስሉ ወደ ገዳምም አብሮት ይሄዳል። ማንም ሳያውቃቸውና ሳይልካቸው «ባሕታዊ ነን» እያሉ በአደባባይ የሚያውኩ ሰዎችንም ከእውነተኛው ብሕትውና ለይተን ማየት ይኖርብናል።

የከተማ ብቸኝነት ከወዴት መጣ?

ብዙዎቻችን ብቸኝነት የሠለጠኑት ሀገሮች በሽታ እንደሆነ፣ እኛ ግን እንዳልነካን እናስባለን። እውነት ነው፤ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ጃፓንም በ2021 የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር ሰይመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ሪፖርት ግን አስተሳሰባችንን የሚያርም ነው። በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጎዳ፣ ከዚህ ጋር በተያያዘም በየዓመቱ ከ871,000 በላይ ሰዎች እንደሚሞቱ ሪፖርቱ ይገምታል። ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ብቸኝነት ይሰማናል ያሉት ሰዎች በሀብታሞቹ ሀገሮች 11 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች 24 በመቶ ያህል መሆናቸው ነው። ወጣቶችም በብርቱ ከሚጠቁት መካከል ናቸው።

ይህ በእኛ አካባቢ እንዴት እንደሚታይ እንመልከት። እንጅባራና ዳንግላ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። እንጅባራ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ፣ የዩኒቨርሲቲ መቀመጫ፣ ወደ ቻግኒና መተከል የሚወስደው መንገድ መገንጠያ ናት። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ብዙ ሰው ይገባል፤ ብዙ ሰውም ይወጣል። ከሌላ ክልል የመጣ ተማሪ፣ ተዛውሮ የመጣ መምህር፣ ከገጠር ለትምህርት መጥታ ቤት የተከራየች ልጅ፣ የቀን ሥራ ፍለጋ የመጣ ወጣት፣ ልጆቿ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዐረብ ሀገር የሄዱባት እናት በአንድ ግቢ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ግድግዳ እንጂ ኑሮ አይጋሩም።

በገጠሩ የአዊ ኑሮ ሰው ብቻውን እንዳይቀር የሚያደርጉ ብዙ ገመዶች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። እርሻው በደቦና በወንፈል ይታረሳል፤ ቡናው ከጎረቤት ጋር ይጠጣል፤ ሐዘኑና ደስታው የመንደሩ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ለዚህ ታላቅ ምስክር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር የዐድዋን ድል ለማሰብና የፈረሰኞችን ውለታ ለመዘከር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይሰበሰባል። ቀኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ መታሰቢያ ነው። የሚያስደንቀው ዋዜማው ጥር 22 ደግሞ የአባ እንጦንስ የዕረፍት ቀን መሆኑ ነው። አንድ ቀን ብቻውን ወደ በረሃ የወጣውን አባት እናስባለን፤ በማግሥቱ በእንጅባራ ሜዳ ሺህ ፈረሰኛ በአንድነት ይሰለፋል። ሁለቱም በአንድ የቀን መቁጠሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ሰው ወደ ከተማ ሲገባ ግን እነዚህ ገመዶች ይላላሉ። ደቦው በደመወዝ ይተካል። ቤት ኪራዩ ሲጨምር ሰው ከሰፈር ሰፈር ይዘዋወራል፤ ከጎረቤት ጋር ሳይተዋወቅ ይለቃል። በቤቱ በአውኚ ቋንቋ ሲነጋገር ያደገ ልጅ አዲስ አበባ ሲደርስ ልቡ የሚናገርበትን ቋንቋ የሚሰማው ያጣል፤ ከሌላ ክልል ወደ እንጅባራ የመጣውም እንዲሁ። ስልክ የሩቁን ያቀርባል፤ የቅርቡን ግን ያስረሳል። ምሽቱን በሌሎች ሰዎች የደስታ ፎቶግራፍ ላይ ሲያፈጥ የሚያመሽ ሰው የራሱ ቤት ይበልጥ ባዶ ይሆንበታል።

በዚህ ላይ የዘመናችን መከራ ተጨምሯል። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ዞን የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ወገኖች በቻግኒ አካባቢ ተጠልለው ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭትም መንገድ እየተዘጋ፣ ትምህርት እየተቋረጠ፣ ለበዓል ወደ ቤተሰብ መሄድ የማይቻልበት ጊዜ በዝቷል። የሞተበትን በሥርዓቱ ያልቀበረ፣ ለቅሶውን ከዘመድ ጋር ያላለቀሰ ብዙ ነው። ይህን ሕመም «ተጽናና» በሚል አንድ ቃል ማለፍ አይቻልም።

ብቸኝነት በነፍስ ላይ የሚያደርሰው

ብቸኝነት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ሲቆይ የፈተና በር ይሆናል። የመጀመሪያው ፈተና ሰው ሁሉ ጠላኝ የሚል አሳብ ነው። በዚህ አሳብ የተያዘ ሰው ሰላምታ የረሳውን ሁሉ እንደ ጠላት ይቈጥራል፤ ስለዚህ ራሱ ይርቃል፤ በራቀም መጠን ይበልጥ ብቻውን ይሆናል። ሁለተኛው ባዶነቱን በመጠጥ፣ በጫት፣ በቁማርና በማይገባ ግንኙነት ለመሙላት መሞከር ነው። ሦስተኛው ስለ እርሱ ግድ የሚለው የመሰለውን ሁሉ መከተል ነው፤ ብዙ ወጣቶች ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡት የተለየ ትምህርት አሳምኗቸው ሳይሆን፣ ስማቸውን ጠርቶ የጠየቃቸው ሰው ሌላ ቦታ ስላገኙ ነው። አራተኛውና የከፋው ተስፋ መቁረጥ ነው።

ተስፋ መቁረጥ ሲበረታ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ምግብ ሲጠላ፣ ሞትን መመኘት ሲመጣ፣ ለንስሐ አባትና ለቅርብ ሰው መናገር፣ ወደ ሐኪምም መሄድ ይገባል። ጠበል መጠመቅና መታከም አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል (ሲራ. 38፥1-14)። ኤልያስን የጎበኘው መልአክ አስቀድሞ ምግብ እንደሰጠው አንርሳ።

ቤተ ክርስቲያን የሰጠችን መድኃኒት

የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሲታይ ሰው ብቻውን እንዳይቀር ተደርጎ የተሠራ ነው። ሕፃን በ40 ወይም በ80 ቀኑ ሲጠመቅ የክርስትና አባት ወይም እናት ይሰጠዋል፤ ወደ ክርስትና የሚገባው በሌላ ሰው እቅፍ ነው። ቅዳሴም ያለ ማኅበር አይቀደስም፤ ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ካህን የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆን ብቻውን ሊቀድስ አይችልም። በቅዳሴው መካከልም ዲያቆኑ ምእመናን እርስ በርሳቸው የሰላም ሰላምታ እንዲሰጣጡ ያውጃል። ጌታችን ያስተማረንም ጸሎት «አባቴ» ሳይሆን «አባታችን» በሚል የሚጀምር ነው፤ በእልፍኛችን ዘግተን ብቻችንን ስንጸልየው እንኳ ወንድሞቻችንን ይዘን እንገባለን።

ከቅዳሴው ቀጥሎ የንስሐ አባት አለ። የንስሐ አባት ኃጢአት የሚናዘዙበት ካህን ብቻ ሳይሆን ቤትን የሚያውቅ፣ የሚጎበኝ፣ ስለ ልጆቹ የሚጸልይ አባት ነው። ወደ ከተማ የመጣ ምእመን የገጠሩን የንስሐ አባት ትቶ በአዲሱ አጥቢያ ሌላ ሳይዝ ዓመታት ሲያልፉ እናያለን። ቤት እንደተከራዩ ሳይውሉ ሳያድሩ የንስሐ አባት መያዝ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው።

ሦስተኛው ጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ ነው። በ12 የቅዱስ ሚካኤል፣ በ21 የእመቤታችን፣ በ23 የቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ27 የመድኃኔዓለም ጽዋ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ሙሴው የማኅበርተኛውን ሁሉ ቤት ያውቃል፤ የቀረውን ይጠይቃል። ያለ ምክንያት የቀረ መቀጮ የሚከፍልበት ማኅበርም አለ። መቀጮው ገንዘብ ፍለጋ አልነበረም፤ መቅረትህ ያጎድለናል ማለት ነው።

አራተኛው ለወጣቶች ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ግቢ ጉባኤ ነው። ከቤተሰቡ ርቆ የመጣ ተማሪ በግቢ ጉባኤ ከትምህርቱ ጋር ወንድምና እኅት ያገኛል። ወላጆች ልጃቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲልኩ ከብርድ ልብሱ ጋር ይህን አደራ ሊጨምሩለት ይገባል።

እኛ ምን እናድርግ?

መድኃኒቱ በእጃችን እያለ ሰው የሚታመመው ለምንድን ነው? ይህን ስንጠይቅ ራሳችንን መመርመር አለብን።

እኛ አገልጋዮች ለሺህ ሰው እናስተምራለን፤ አንድ ሰው መጠየቅ ግን ጊዜ የለንም። በቅዳሴው የሰላም ሰላምታ እንዲሰጣጡ ያወጅን ዲያቆናት፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ብቻውን የቆመውን ሳናይ እናልፋለን። ከስብከት ያልተናነሰ አገልግሎት በየሰንበቱ ቢያንስ አንድ የማናውቀውን ሰው ስም መጠየቅ ነው።

ማኅበርተኞችም ጽዋው የድግስ ፉክክር እንዳይሆን መጠንቀቅ አለባቸው። ኑሮ በተወደደበት በዚህ ዘመን፣ ተራው ሲደርስ የሚያወጣው የሌለው ሰው አፍሮ ከማኅበሩ ይወጣል። ብቸኝነትን ሊያጠፋ የተሠራው ማኅበር ብቸኛ ያፈራል ማለት ነው። ዳቦና ጠላ፣ በጾምም ንፍሮ ይበቃል። ጻድቁ የሚዘከረው በፍቅራችን እንጂ በወጡ ብዛት አይደለም። ተከራይና አዲስ መጥ የሆኑትንም አንድ ቦታ ከፍተን እንቀበላቸው፤ እንግዳን የተቀበለ ክርስቶስን እንደተቀበለ ወንጌል ያስተምረናልና (ማቴ. 25፥35)።

ብቸኝነት የሚሰማው ወንድማችን ወይም እኅታችንም የድርሻቸውን ቢያደርጉ መልካም ነው። እንደ ቅዱስ ጳውሎስ «ና» ብሎ መጥራት ውርደት አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ ቶሎ ከመውጣት ጥቂት ቆይቶ ጠበል መቅዳት፣ ምንጣፍ ማንሣት፣ ቅጥሩን መጥረግ ሰውን ከሰው ያገናኛል። ታማሚ መጠየቅ፣ ልጆቿ የራቁባትን እናት ደጅ ማንኳኳት የራስን ሐዘን ያቀላል። ብቻ የምንሆንበትንም ሰዓት ፈርተን በስልክ ከመሙላት ይልቅ ጥቂቱን ለመዝሙረ ዳዊትና ለውዳሴ ማርያም ብንሰጠው፣ በግድ የመጣው ብቸኝነት ቀስ በቀስ በፈቃድ የሚደረግ የጸሎት ጊዜ ይሆናል። በከተማ የሚኖር ምእመን ከብሕትውና የሚካፈለው በዚህ ነው።

በባንጃና በእንጅባራ ደጋ የሚበቅለውን ቀርቀሃ እናስተውል። ከላይ ሲታይ እያንዳንዱ ለየብቻው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከመሬት በታች ግን ሥሩ የተያያዘ ነው፤ አዲሱ ቡቃያ የሚወጣውም ከዚያው ከጋራው ሥር ነው። ባሕታዊው በበኣቱ፣ ሠራተኛው በኪራይ ቤቱ፣ እናቲቱ በጎጆዋ ለየብቻ ቢታዩም፣ በአንዲት ጥምቀት ተወልደው፣ ከአንድ ሥጋና ደም ይካፈላሉና ሥራቸው አንድ ነው።

እንግዲህ ለዚያ ወጣት መልሳችን ይህ ነው። ወንድማችን ሆይ፣ የሚሰማህ ስሜት የእምነት ጉድለት አይደለም፤ እግዚአብሔር መልካም አይደለም ያለው ነገር አንተንም ቢያምህ ትክክል ነው። ለምናኔ ተጠርተህ እንደሆነም በጊዜውና በአባቶች ምክር ይታወቃል፤ ዛሬ ግን ወደ በረሃ አትሂድ፤ ወደ ማኅበሩ ና። በሚቀጥለው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ብንገናኝ የምንጠይቅህ የመጀመሪያው ነገር ስምህ ይሆናል።

ብቸኞችን በቤት የሚያኖር አምላክ (መዝ. 67፥6) ሁላችንን በቤቱ ያጽናን፤ ለሀገራችንም ሰላሙን ይስጥልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር